ተሻጋሪ ግስ

ዓምና በነሐሴ መጨረሻ የሆነ ነው። በአንዲት የእንግሊዝኛ ግስ ምክንያት አባቴን በገዛ እጄ ልገድለው ነበር። ቀልድ የሚመስለው ሰው አይጠፋም፤ እኔም ዛሬ ሳወራው አንዳንዴ ያስቀኛል። ግን ጉም በወረደ ቁጥር ያ ቀን ይመለስብኛል። ብጽፈው ይቀለኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

የምሠራው ሰበታ፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀምጬ የክር ካርቶን እቀበላለሁ፣ አስረክባለሁ። የምኖረውም እዚያው አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። አባቴና ታናሽ እህቴ ትዕግሥት ደግሞ ሱሉልታ ናቸው። እናታችን ካረፈች ወዲህ አባቴን የምትይዘው እሷ ናት። እኔ እየሄድኩ የማያቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው።

ድሮም ቆሜ የማልም ሰው ነኝ። እናቴ በሕይወት ሳለች «ይቺ ልጅ ዓይኗን ገልጣ ነው የምትተኛው» ትለኝ ነበር። ወንፊት ይዤ ዱቄቱን ረስቼ ደጅ ደጁን ሳይ ትደርስብኛለች። አሁንም ካርቶን እየቆጠርኩ ሐሳቤ ሌላ አገር ደርሶ ይመለሳል።

ሌላው አመሌ የፈረንጅ አፍ መውደዴ ነው። ቤታችን ውስጥ «የእንግሊዝኛ ነገር ለእሷ ተዉላት» ይባላል። የመድኃኒት ወረቀት በሉት፣ የቴሌቪዥን መመሪያ በሉት፣ የሻምፖ ጀርባ ሳይቀር እኔ ጋ ይመጣል። ሲመጣም ደስ ይለኛል። ኩራት ቢጤ አለብኝ፣ አልደብቅም።

ያን ክረምት ፋብሪካው ለሠራተኞቹ የእንግሊዝኛ ትምህርት ጀምሮልን ነበር። ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ ስንወጣ በምግብ አዳራሹ ውስጥ እንሰበሰባለን። ጠረጴዛው ሽሮ ሽሮ ይሸታል፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል፣ መምህሩ በዝናቡ ላይ ይጮኻል። ያን ሰሞን የምንማረው ስለ ጤና፣ ስለ አመጋገብና ስለ ጭንቀት የሚወራባቸውን ግሶች ነበር።

እነዚያን ግሶች ወደድኳቸው። ፑት ኦን ልብስ መልበስ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ክብደት መጨመርም ነው። ፈረንጅ ውፍረቱን እንደ ካፖርት ይደርበዋል ማለት ነው ብዬ ስንት ጊዜ አሰብኩ። ካት ዳውን መቀነስ። ወርክ አውት ስፖርት መሥራት። በርን አውት በሥራና በጭንቀት ብዛት ነዶ ማለቅ። እሷ ስትጻፍ አጠገቤ የነበረች የስፌት ክፍል ልጅ «ይቺ ግስ እንኳ እኛን አይታ ነው የተሠራችው» ብላ አሳቀችን።

ጊቭ አፕ ሰሌዳው ላይ ስትወጣ ግን መስመሯን ባዶ ትቼ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ይቺንማ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አውቃታለሁ። ተስፋ መቁረጥ ናት። የባጃጅ ጀርባ ላይ እንኳ «ኔቨር ጊቭ አፕ» ተብሎ ይለጠፍ የለም? መምህሩ ስለሷ ረዘም አድርጎ ሲያስረዳ፣ ሌላው ሁሉ አቀርቅሮ ሲጽፍ፣ እኔ በመስኮቱ የሚወርደውን ውሃ አያለሁ። አንዷ ጠብታ ሌላዋን ስትከተል፣ ስትደርስባት፣ ሁለቱ አንድ ሆነው ሲወርዱ። ምን እንዳለ አንድም አልሰማሁም።

አባቴ ሹፌር ነበር። ዕድሜውን በተሳቢ መኪና ላይ ነው የጨረሰው። ብዙውን ዘመን ከአፋር ጨው ሲያመላልስ ኖሯል። ከጨው ጋር ወዳጅነቱ ከዚያ ይሁን ከሌላ አላውቅም፤ ወጥ ሳይቀምስ ጨው ይነሰንስበታል። ብንቆጣው የጨው ዕቃውን ወደ ራሱ እየሳበ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይለናል። ቅቤም እንደዚሁ ነው። ሱሉልታ ደግሞ ወተትና ቅቤ የሚታጣበት አገር አይደለም።

ፍልሰታ ከተፈታ በሳምንቱ ሰኞ ዕለት ትዕግሥት ደወለችልኝ። አባዬ ትንሽ ሲራመድ ትንፋሽ እያጠረው ስለነበር አንድ ክሊኒክ ወስዳው ነበር።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«እኔ መድኃኒት ልገዛ ተሰልፌ ብቻውን ነው የገባው። ሲወጣ ብጠይቀው 'ደህና ነህ ብሎኛል' አለኝ። ወረቀት ሰጥተውታል፤ እሱን ግን ኮቱ ኪስ ከቶ አላሳይም ብሎኛል።»

አባቴ ወረቀት እንዲህ ነው የሚይዘው። የመኪና ሊብሬ ይመስል ከልቡ አጠገብ ያደርገዋል፤ ጡረታ ከወጣም በኋላ አለቀቀውም።

«እንደምንም ፎቶ አንሺና ላኪልኝ» አልኳት።

ኮቱን አውልቆ ፊቱን ሊታጠብ ሲወጣ ጠብቃ አነሳችው። በቴሌግራም ሲደርሰኝ ሁለት የካርቶን ክምር መሀል ቆሜ ነበር። የሐኪም ጽሑፍ ቢሆንም ለፋሁበትና አነበብኩት። ደም ግፊቱ በጣም ከፍ ብሏል። ልቡ ደክሟል። ጭንቀትም አለበት፣ ስትረስ ይላል። ወደ ታች ወረድኩ። የመጨረሻው መስመር ላይ አራት ቃላት ነበሩ። ሂ መስት ጊቭ አፕ።

ተስፋ መቁረጥ አለበት።

ደጋግሜ አነበብኩት። ያ ሁሉ ካርቶን ከእኔ የራቀ መሰለኝ። ድምፅ ይሰማኛል፣ ግን ከውሃ ውስጥ እንደሚመጣ ነው። አንዱ ሠራተኛ መጥቶ የሆነ ነገር ጠየቀኝ። መለስኩለት፤ ምን ብዬ እንደመለስኩለት ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ለትዕግሥት ደወልኩና ነገርኳት። አለቀሰች። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ ያ ጥያቄዋ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«ሐኪም ግን እንዲህ ብሎ ይጽፋል እንዴ?»

«ፈረንጅ አፍ እኮ ቀጥታ ነው» አልኳት። «እንደኛ አያድበሰብስም።»

አመነችኝ። የእንግሊዝኛ ነገር የእኔ ነዋ።

ተማከርንና ለእሱ ላለመንገር ተስማማን። ከእንግዲህ በዓይኑ ያየው፣ በልቡ የተመኘው እንዳይቀርበት አልን። «ያማረውን ይብላ። ከዚህ በኋላ ምን ይጎዳዋል?» ያልኩት እኔ ነኝ። ቡራዩ ሱቅ ላለው አጎታችንም ደወልኩ። እሱም «ወንድሜን አጥግቤ ነው የምሸኘው» አለኝ።

ማክሰኞ ክትፎ ተሠራለት። ቅቤው ከላዩ እስኪፈስ። ረቡዕ ጾሙን ጾመ፤ እህቴ በሕመም ምክንያት እንዲተው ብትለማመጠው «ረቡዕ ረቡዕ ነው» ብሏት አረፈ። ሐሙስ አጎቴ ከቡራዩ ሙክት በግና አንድ ጣሳ ለጋ ቅቤ ይዞ መጣ። ዓርብ እንደገና ጾመ። እነዚያ ሁለት የጾም ቀናት ባይኖሩ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልወድም። ጨው ግን አይጾምም። የጨው ዕቃው ከፊቱ ተነስቶ አያውቅም፤ እህቴ ራሷ ነበረች የምታቀርብለት።

እኔ እስከ ቅዳሜ ፈቃድ አላገኘሁም። እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው ሳስብ ጥርት ያለ ነገር አይመጣልኝም። ያለፉት በእንቅልፍ ልብ ነው። ሐሙስ ትምህርቱ ላይ ተቀምጬ ነበር። መምህሩ ጌት ኦቨር ብሎ ጻፈ፤ ከሕመም ማገገም። ሰው ከሕመሙ በላይ ተሻግሮ የሚሄድበት ድልድይ ታየኝ፤ አባቴ በዚያ በተሳቢ መኪናው ድልድዩ ጫፍ ላይ ቆሞ ጥሩምባ ሲያሰማ። ደብተሬን ዘግቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሰበታ ተነሳሁ። አዲሱ ገበያ ደርሼ የሱሉልታ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ሰማዩ መሬት ላይ ወርዶ ነበር። ሽቅብ በወጣን መጠን ጉሙ እየወፈረ ሄደ። ባሕር ዛፎቹ ግንዳቸው ብቻ ይታያል፣ ጫፍ የላቸውም። ከፊታችን ያለው መኪና ቀይ መብራቱ ብልጭ ይልና ይጠፋል። ሚኒባሱ ውስጥ እርጥብ ጋቢ፣ ሽንኩርትና ናፍጣ ይሸታል። መስተዋቱ በትንፋሻችን ነጭ ሆኖ ውጭውንም ሰውንም አንድ አድርጎታል። አንዳንዴ የምንሄድ፣ አንዳንዴ የቆምን ይመስለኛል።

አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ጥቁር መነጽር፣ ግራጫ ካፖርት፣ ንጹሕ የታሰረ ክራባት። ከኋላ የተቀመጠች ሴት «አካም ቡልተን ኦቦ?» ብላ ሰላም ስትላቸው «ነጋ፣ ነጋ» ብለው መለሱላት።

እኔ እንዳላለቅስ ብዬ የእንግሊዝኛ ደብተሬን አወጣሁ። በለሆሳስ ማንበብ ጀመርኩ። ፑት ኦን። ካት ዳውን። ወርክ አውት። እየደጋገምኩ ስሄድ ሳላስበው ከደብተሬ ውስጥ የሌለችውን ጠራኋት። ጊቭ አፕ።

«ቀጥይዋ» አሉኝ ሽማግሌው።

ደነገጥኩ። «ምኑን?»

«ግሱን ነዋ። ሌሎቹን ስታነበንቢ ቆይተሽ እዚያች ላይ ስትደርሺ ቆምሽ።»

«እሷ ላይ ነው የሚያበቃው» አልኩ።

«ምን ማለት ናት አሉሽ?»

«ተስፋ መቁረጥ።» ይህን ስል ድምፄ ከዳኝ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ምን ሆነሻል?»

ለማያውቁት ሰው መናገር እንዴት ይቀላል! ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። አባቴን፣ ወረቀቱን፣ ክትፎውን፣ በጉን። ራሳቸውን ወደ እኔ ዘንበል አድርገው አንዲት ቃል ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ስጨርስ «ጽሑፉ አለሽ?» አሉ። ስልኬን አውጥቼ ፊታቸው ላይ ያዝኩላቸው።

«ይኸው፣ ይዩት።»

ፈገግ አሉ። «ዓይኔ ካየ ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነው። አንቺው አንብቢልኝ።»

ያን ጊዜ ነው የታጠፈ ነጭ ዘንጋቸውን ጉልበታቸው መሀል ያየሁት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ ስል «ተይ፣ ተይ» አሉኝ፣ «ሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምሬ፣ እዚያው ሰበታ እንግሊዝኛ ሳስተምር ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። እዚህ የምመጣው ልጄን ልጠይቅ ነው። ይልቅ አንብቢው።»

አነበብኩላቸው። ደም ግፊቱን፣ ልቡን፣ ጭንቀቱን። በመጨረሻ «ሂ መስት ጊቭ አፕ» አልኩ።

«ምንን?» አሉ።

«እ?»

«ምንን? ይቺ ግስ ብቻዋን ከቆመች ልክ ነሽ፣ ተስፋ መቁረጥ ናት። ተሻጋሪ ሆና ከኋላዋ ሌላ ነገር ካስከተለች ግን መተው ነው ፍቺዋ። ሲጋራ መተው፣ መጠጥ መተው። ስለዚህ እጠይቅሻለሁ፤ አባትሽ የሚተዉት ምንን ነው?»

«ምንም አልተጻፈም እኮ። መጨረሻው እሱ ነው።»

«ነጥብ አለው?»

ጽሑፉን በሁለት ጣቴ አሰፋሁት። ጊቭ አፕ። ከዚያ የወረቀቱ ጠርዝ፣ ከጠርዙ ላይ ደግሞ የእህቴ አውራ ጣት። ነጥብ የለም።

«የለውም» አልኩ።

«እንግዲያው ሐኪሙ ተናግሮ አልጨረሰም» አሉ። «ወረቀት ሁለት ፊት አለው፣ ልጄ።»

ወዲያው ለእህቴ ደወልኩ። ኔትወርክ የለም። እንደገና ሞከርኩ። የለም። ጉሙ ውስጥ ሽቅብ እየወጣን ነው። እኔ ስልኩን አያለሁ፣ ሽማግሌው በጣታቸው ዘንጋቸውን ቀስ አድርገው ይመታሉ። ሰዎቹ ሁሉ ወደ እኛ ዞረዋል፤ ለካ ሲሰሙን ነበር የቆዩት። ያቺ ጥቂት ደቂቃ ከዚያ ሳምንት ሁሉ ረዝማብኛለች። ቁልቁለቱን ስንጀምር ስልኩ ጠራ።

«ትዕግሥት! ወረቀቱን አምጪ!»

«ኪሱ ውስጥ ነው። ኮቱን ለብሶታል።»

«ቀሚው!»

«ምን ብዬ?»

«ምንም አትበይ፣ ዝም ብለሽ ቀሚው! ገልብጪና ጀርባውን እይ!»

የአባቴ ድምፅ ከሩቅ ተሰማኝ፤ ይቆጣል። ቀጥሎ የወረቀት መንኮሻኮሽ። «ጀርባው ላይ ጽሑፍ አለ» አለች እህቴ፣ ትንፋሽ አጥሯት። «እኔ ግን ይሄን የሐኪም ጽሑፍ...»

«ፊደል በፊደል ትንገረን» አሉ ሽማግሌው። ስልኩን ከፍ አድርጌ ለሁለታችን እንዲሰማ አደረግኩት።

«ኤስ» አለች እህቴ። «ኤ... ኤል... ቲ።»

«ሳልት» አሉ። «ጨው።»

«ቢ... ዩ... ሁለት ቲ...»

«ይበቃል። ቅቤ ነው። ከዚያስ?»

ካት ዳውን ኦን ብላ ፊደሎቹን ስትቆጥር እኔው ቀደምኳቸው። ሥጋ ይቀንስ ይላል። በየቀኑ በእግሩ ይሂድ ይላል። በሁለት ሳምንት ተመልሶ ይምጣ ይላል።

ይምጣ! ሊሞት ነው የተባለ ሰው በሁለት ሳምንት ና ይባላል? ያቺ ከኋላ የነበረችው ሴትዮ እልል አለች። ረዳቱ «ኧረ እንኳን ደስ ያለሽ!» አለኝ። እኔም ልስቅ አፌን ከፈትኩ።

ከዚያ ቀኖቹን ቆጠርኩ። አምስት ቀን። አምስት ቀን ሙሉ ተው የተባለውን ሁሉ በግድ ስናበላው ነው የከረምነው።

«ትዕግሥት፣ አሁን ምን እየበላ ነው?»

ማንኪያ ሳህን ሲነካ ይሰማኛል።

«ትዕግሥት!»

«ጭኮ» አለች ቀስ ብላ። «አጎቴ ባመጣው ቅቤ ነው ያሸሁለት።»

«ንጠቂው!» ብዬ ስጮህ ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፣ ሽማግሌውም አልሳቁም። ምክንያቱም እህቴ ማልቀስ ጀምራ ነበር።

«እግሩ ከትናንት ጀምሮ አብጧል» አለችኝ። «ጫማ አልገባለት ብሏል። አንቺን ላለማስደንገጥ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

ሽማግሌው ወደ ሹፌሩ ቀና ብለው «ደፊ! ደፊ!» አሉት፣ ፍጠን ማለታቸው ነው። ለእኔ ደግሞ «ነገ አትበሉ። አሁኑኑ ሐኪም ይያቸው» አሉኝ። ሱሉልታ ስንደርስ ሚኒባሱ በደንብ ሳይቆም ዘልዬ ወረድኩ። ገለቶማ ማለትን አውቃለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ ማለትንም አውቃለሁ። አንዱንም አላልኩም። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም። በጭቃው ውስጥ ስሮጥ አንድ ጊዜ ዞር ብዬ ሳይ ከጉም በቀር ምንም አልነበረም።

ቤት ስገባ አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ኮቱን ለብሶ፣ ባዶ እግሩን፣ ማንኪያ ይዞ ተቀምጧል። ትዕግሥት የጭኮውን ሳህን ደረቷ ላይ አቅፋ ፊቱ ቆማለች። እግሩ ቁርጭምጭሚት የሚባል ነገር የለውም።

«ሰው ጉሮሮ ላይ ይቆማል?» አለኝ፣ እያለከለከ። «ምን አደረግኳችሁ?»

«አባዬ፣ ሐኪሙ ምን ነበር ያለህ?»

«ደህና ነህ ነዋ ያለኝ።»

«አባዬ።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ጨው ተው አለኝ» አለ፣ ጥፋት ሠርቶ እንደተያዘ ልጅ በቀጭን ድምፅ። «ቅቤም።»

«ታዲያ ለምን ደበቅከን?»

«ብነግራችሁ ምን ልታበሉኝ ነው? ድንጋይ?»

ልቆጣ ነበር። እሱ ግን ማንኪያውን አስቀመጠና ቀጠለ።

«ማክሰኞ ክትፎው ሲመጣ ደስ አለኝ። ልጆቼ አላወቁም አልኩ። ሐሙስ ወንድሜ በጉን እየጎተተ ሲገባ ግን ገባኝ። ያለ በዓል ለደህና ሰው በግ አይታረድም። ሐኪሙ ለኔ ያልነገረኝን ለእናንተ ነግሯችኋል ማለት ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ወዲያ አምሮኝ አይደለም የበላሁት። ትዕግሥት እንዳይከፋት ብዬ ነው።»

እኛ እንዳይሰማው ደብቀን አበላን። እሱ እንዳይከፋን ደብቆ በላ። ሦስታችንም እየተዋደድን ወደ ገደሉ እንሄድ ነበር።

በባጃጅ ወደ ሕክምና ወሰድነው። መርፌ ተወጋ፣ ሰውነቱ የያዘውን ውሃ የሚያስወጣ መድኃኒት ተሰጠው፣ ሁለት ቀን ተኛ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ «ምንን? ምንን?» ስል ቆየሁ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ራሴን ነው የምጠይቀው። ሐኪሙ ወጥቶ «ጥሩ ሰዓት ነው ያመጣችሁት» አለን። «በዚያው ቢቀጥል ኖሮ ግን...» ብሎ ተመልሶ ገባ። ያኛውን ዓረፍተ ነገር እንዲጨርስልኝ አልጠየቅኩትም።

አባቴ ዳነ። እግሩ ቀለለለት፣ ትንፋሹ ተመለሰ። አሁን ጠዋት ጠዋት እስከ ዋናው መንገድ በእግሩ እየሄደ የከባድ መኪናዎቹን ጭነት ይገምታል። ወጡ ያለ ጨው ነው። መጀመሪያ ሰሞን እያንዳንዷን ጉርሻ «ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉኛል» እያለ ነበር የሚውጣት። እኔም ቅዳሜ ስሄድ አብሬው ያለ ጨው እበላለሁ። እውነቱን ለመናገር አይጥምም።

ከሁሉም የሚከነክነኝ ግን አንድ ነገር ነው። ሐኪሙ ተስፋ አልቆረጠም ነበር። እህቴም በየዋህነቷ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቃኝ ነበር። አባቴን ይዞ ተስፋ የቆረጠ ሰው ቢፈለግ እኔ ብቻ ነኝ፤ ያውም አውቃለሁ በሚል ኩራት፣ ያውም ዝናብ እያየሁ። ይህን ለአባቴ ነግሬው አለቀስኩ። «ጊቭ አፕ ያልሽው እኔን ነበራ?» ብሎ ሳቀብኝ። ያቺን ቃል ተምሯታል፤ የጨው ዕቃ ባየ ቁጥር ይላታል።

ኅዳር ላይ ሰበታ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ፀሐይ ነው፣ መስተዋቱ ጥርት ብሏል። ለረዳቱ የምወርድበትን ስነግረው ከፊት ወንበር አንድ ድምፅ «ጊቭ አፕ!» አለ። እሳቸው ናቸው፤ መነጽራቸው፣ ክራባታቸው፣ ዘንጋቸው። በድምፄ ለይተውኛል።

ያኔ ያላልኩትን ምስጋና ሁሉ አንድ ላይ አዥጎደጎድኩት። እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«አባትሽ ምንን ተዉ?» አሉኝ።

«ጨውን። ቅቤን። ሥጋም ቀንሷል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም አልተወም» አልኳቸው።

«ጎሽ! እንግዲያው አሁን ነጥብ አድርጊበት» ብለው ወረዱ። ዘንጋቸውን እየዘረጉ ሰዉ መሀል ሲገቡ እስኪርቁ ድረስ አየኋቸው።

እዚያው ሚኒባሱ ውስጥ ደብተሬን አወጣሁ። ያን ቀን ባዶ የተውኩት መስመር ላይ ጊቭ አፕ ብዬ ጻፍኩ፤ ከጎኑ «መተው» አልኩ፤ ከእሱ ጎን ደግሞ «ምንን?» ነጥቡን ግን እስካሁን አላደረግኩም። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ሱሉልታ እሄዳለሁ፤ አባቴ ጨው የሌለው ምስር ይዞ ይጠብቀኛል